የባሕር ዛፉ ሐዲድ

ከበሬሳ ማዶ፣ ከቆርቆሮው አጥር፣
ዱላና ባትሪ ይዤ እኔ ነኝ የማድር።
ቀን ቀን ግን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፣
በምስማር ቀዳዳ የሚያጮልቅ ዓይን አይጠፋም፤
አንዱ ሲጠግብ ሌላው፣ ወረፋ ይዞ በተራ፣
ገና ላልተሳፈረበት እንጨት ከወዲሁ ሲፈራ።

እንጨቱ ባሕር ዛፍ ነው፣ ከሰላ ድንጋይ የመጣ፣
ልጡ የተላጠ፣ እርጥበቱ በፀሐይ የወጣ፤
ቀጥ ብሎ ያደገ፣ እዚህ ሲደርስ የጎበጠ፣
እንደ ግመል ሻኛ ሦስቴ ወጥቶ ሦስቴ የሰመጠ።

ለፋሲካ ይከፈታል ተባለ፤ ፋሲካ ዶሮውን በልቶ ሄደ፤
ለሰኔ ተባለ፤ ሰኔ ዝናቡን ይዞ ወረደ።
አሁን ለመስቀል ነው፤
በጣት የሚቆጥረው ሰው ግን እየበዛ ሄደ።

ትልቁን ቁልቁለት ልጆች «ጣርማበር» ብለውታል፤
ወንድይፍራው ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ይስቃል።
«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሲሚንቶ ጭኜ በሌሊት፣
የፍሬን ሽታ እያፈነኝ በጭጋግ የወረድኩት፣
እሱ ነው ጣርማበር! ይኼ ምኑ ነው ቁልቁለት?»
ይላል። ግን አይሄድም።
ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለኔም ለማንም ሳይሆን፣
«አንዴ እንኳ መሪ ሳልይዝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ብሆን፤
ሌላው ይንዳና ልጩህ፣ እንደ ሰው፣ እኔም በተራዬ፣
እስኪሰነጠቅ ጉሮሮዬ።»

የዩኒቨርሲቲ ልጆች በወረቀት ያሰላሉ፣
«ሃያ ስምንት ሜትር ነው»፣ «የለም፣ ሠላሳ አንድ» ይላሉ፤
አንድ መለኪያ አረቄ ተይዟል በውርርድ፣
እኔን ያስዳኙኛል፣ የማውቅ ይመስል ፍርድ።
እኔ የማውቀው ይኼን ነው፦ ሌሊት ብርዱ ሲወርድ
እንጨቱ፣ ሥራ እንደፈታ ሰው፣ ጣቱን ያንቋቋል።

ይህን ስነግራቸው አናጺው አቶ ጥላዬ ደስ አላቸው።
«ተወው ይጩህ» አሉኝ፣ መሬቱን መታ አርገው በከዘራቸው።
«ብረት ዝም ብሎ ከርሞ አንድ ቀን ነው የሚሰበር፤
እንጨት ወሬኛ ነው፣ አስቀድሞ ነው የሚናገር፤
ዝም ያለኝ ነገር ላይማ፣ እኔ አልሳፈርም ነበር።»

ጌጤነሽ ሎተሪ አዟሪዋ፣ ከአጣዬ የመጣች በዚያ ሰሞን፣
ከፍታውንም ፍጥነቱንም ጠይቃኝ አታውቅም እኔን።
አንድ ቀን ብቻ ቆመችና፣ ጣቷን ሰዳ በቀዳዳው፣
«ይኼ ነገር» አለችኝ፣ «ይመለሳል ወይ ከተነሳበት ቦታው?»
«ይመለሳል» አልኳት። «እዚያው?» «እዚያው።»
ዝም ብላ ቆየች።
«እንግዲያው እወጣለሁ።»

ሰው ሁሉ «ቶሎ በሉ» ሲል፣ አንዲት ልጅ ብቻ «ቀስ በሉ»፤
ማንያህልሻል፣ ሰባት ዓመቷ፣
ከቀዩ መስመር በአንድ ጣት ያንሳል ቁመቷ።
ጠዋት ጠዋት መጥታ በዘብ ቤቱ ምሰሶ ትለካለች፣
ካልሲ በካልሲ ደርባ። አይቻለሁ፤ እንዳላየሁ ታስባለች።
«ጋሼ እርገጤ፣ በላቸው፤ ምስማሩን ቀስ ብለው ይምቱ፣
እኔ እስካድግ ድረስ ይዘግይ መከፈቱ።»

ሐሙስ ማታ፣ ሰዉ ከሄደ፣ ሞከሩት።
አሸዋ የሞላ ጆንያ ነው ያሳፈሩት፤
በየወንበሩ ሁለት ሁለት፣ በቀበቶ ታስረው፣
እንደ ጨዋ ሽማግሌ ወደ ፊት እያዩ፣ ተደርድረው።
ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ዝም አለ፤
ከዚያ ምሰሶው ሁሉ፣ ዝንብ እንደነካው በሬ ቆዳ፣ እየተርገፈገፈ ዋለለ።
አንዱ ጆንያ ተፈቶ ኖሯል፤ ኮፍያዬ ላይ ዘነበ።
ተመለሱ። ሁሉም። እዚያው።

በነጋታው ከበቡኝ። «ፈጠነ ወይ? ጣርማበር ላይ ምን አለ? ጮኸ ወይ?»
ጆንያ አይጮህም። የጮህኩት እኔ ነኝ፣ ቆሜ፣ እግሬ ከመሬት ሳይለቅ።
ያን አልነገርኳቸውም።

ማንያህልሻል ግን ኮፍያዬን አየች።
«ይኼ አሸዋ፣ ወጥቶ የወረደው ነው?»
«ነው።»
ጫማዋን አውልቃ ዘረጋችልኝ።
አራገፍኩላት።
አጥብቃ አሰረች፣ ምሰሶው ሥር ቀጥ ብላ ቆመች፤
እጄን አናቷ ላይ አሳረፍኩ።
ግማሽ ጣት ቀራት።